ላሜራ እስከ ምን ድረስ ይታጠፋል? ስለ እጥፋት ሬዲየስ አመራረጥ

መግቢያ

በስማዳ፥ በጋይንትና በእስቴ አገር ቀጭን ብረት ያልገባበት መንደር ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ የዝናቡን ውሃ የሚያወርደው አሸንዳ ቆርቆሮ ነው፤ በሩና መስኮቱ ብዙ ጊዜ ላሜራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ጣራ ሣር መሆኑ ቀርቶ በብዙ ስፍራ ቆርቆሮ ሆኗል። ይህ ሁሉ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ ዝርግ ወይም ጥቅልል ብረት ነበር። ዕቃ ያደረገው መታጠፉ ነው። ዝርግ ላሜራ በእጅ ሲይዙት ይልፈሰፈሳል፤ አንድ ጊዜ ታጥፎ ጠርዝ ሲያወጣ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1829 (እ.ኤ.አ.) የባለ ሞገድ ቆርቆሮን ፈጠራ በስሙ ሲያስመዘግብ ያስተዋለው ነገር ይኸው ነበር፤ ብረቱ ሳይወፍር በመታጠፉ ብቻ ጠንካራ ይሆናል።

እንግዲህ እጥፋት ለላሜራ ጥንካሬው ነው። ነገር ግን ሞቱም ያው እጥፋቱ ነው። ያለ ልክ ጠብቦ የታጠፈ ላሜራ በውጭ በኩል ይሰነጠቃል፤ ያለ ልክ ሰፍቶ የታጠፈውም ተመልሶ ይከፈታል፤ ሥራውም አይገጥምም። ሠራተኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ትክክለኛውን ስፍራ መምረጥ አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ስፍራ በግምት ሳይሆን በስሌት ሊገኝ እንደሚችል ማሳየት ነው።

ምሳሌያችን የብረት ጎተራ ይሆናል። ስማዳ፥ ዋና ከተማው ወገዳ የሆነው ወረዳ፥ በዐባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የሚዋሰን ስለ ሆነ ቆላው ዝናብ የሚያጥረው አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር ጥሩ ምርት የተገኘበት ዓመት እህል ወደ ክፉው ዓመት መሻገር አለበት። በጭቃ በተሠራ ጎታና በጉድጓድ የተቀመጠውን ግን ነቀዝና አይጥ ይካፈሉታል። አየር የማያስገባ የብረት ጎተራ ይህን ያስቀራል። በመካከለኛው አሜሪካ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስዊዘርላንድ መንግሥት ርዳታ የመንደር ቆርቆሮ ሠራተኞች ይህን ሙያ ተምረው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጎተራዎች ሠርተዋል፤ በአገራችንም ይኸው ዓይነት ጎተራ በልዩ ልዩ ስፍራ ተሞክሯል። የጎተራው ምሥጢር ግን አንድ ነው፤ አየር የማያስገባ መሆኑ። በአንድ እጥፋት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቢኖር አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ነቀዙ በሕይወት ይኖራል፤ ነቀዙ ከኖረ የቤተ ሰቡ ቀለብ ወደ ዱቄትነት ይለወጣል። የአንድ ሚሊሜትር ሩብ ጉዳይ የአንድ ዓመት እንጀራ ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

1ኛ፤ ላሜራ ሲታጠፍ ምን ይሆናል?

በዚህ መጽሔት ላይ ሥዕል ማባዛት ስለማይመች አንባቢ በገዛ እጁ እንዲሞክረው እንጠይቃለን። አንድ ላጲስ ወስደህ በጎኑ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው ቀጥ ያሉ መሥመሮች በስክሪብቶ አሥምር። ከዚያ በሁለት ጣትህ ቆልምመው። በውጭ በኩል ያሉት የመሥመሮቹ ጫፎች ሲራራቁ ታያለህ፤ በውስጥ በኩል ያሉት ይቀራረባሉ፤ በመካከል ያለው ርቀት ግን ሳይለወጥ ይቀራል። ይህንን የማይለወጠውን ንጣፍ ገለልተኛ ንጣፍ እንለዋለን። ከእርሱ ወደ ውጭ ያለው ብረት ይለጠጣል፤ ወደ ውስጥ ያለው ይታመቃል። ስንጥቅ ሁልጊዜ በውጭ በኩል የሚጀምረውም ብረት ከመታመቅ ይልቅ በመለጠጥ ስለሚበጠስ ነው።

አሁን ሁለት ነገሮችን ስም እንስጣቸው። የላሜራውን ውፍረት «ው» እንበለው። የእጥፋቱን የውስጥ ሬዲየስ፥ ማለት ላሜራው ተጠምጥሞበት የሚታጠፈውን ክብ ግማሽ ዲያሜትር፥ «ሬ» እንበለው። ገለልተኛው ንጣፍ በውፍረቱ መካከል ቢሆን ሬዲየሱ ሬ እና የው ግማሽ ነው፤ የውጭው ፊት ሬዲየስ ደግሞ ሬ እና ው ነው። በአንድ ማዕዘን ውስጥ የቅስት ርዝመት ከሬዲየሱ ጋር ስለሚመጣጠን የውጭው ፊት ከገለልተኛው የሚበልጥበት ልክ እንዲህ ይሆናል፤

የውጭው መለጠጥ = ው ÷ (2 × ሬ + ው)

ከዚህ ቀመር የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ወሳኙ ሬዲየሱ ብቻ ወይም ውፍረቱ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ንጽጽር ነው። አንድ ሚሊሜትር ሬዲየስ ለቀጭን ቆርቆሮ ሰፊ ነው፤ ለወፍራም ላሜራ ግን ስለት ነው። ቁጥሩን በዝርዝር ብናየው፤

ሬዲየሱ የውፍረቱ 10 እጥፍ ሲሆን መለጠጡ 5 በመቶ ያህል ነው።
4 እጥፍ ሲሆን 11 በመቶ።
2 እጥፍ ሲሆን 20 በመቶ።
ከውፍረቱ ጋር እኩል ሲሆን 33 በመቶ።
የውፍረቱ ግማሽ ሲሆን 50 በመቶ።

2ኛ፤ ታችኛው ወሰን፤ መሰንጠቅ

ላሜራ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። የደረቀ ቁርበት በድንገት ያጠፉት እንደ ሆነ ይሰነጠቃል፤ ያራሱት እንደ ሆነ ግን ይታዘዛል። ብረትም እንዲሁ ለስላሳና ደረቅ አለው። የልስላሴው መለኪያ ከላሜራው የተቆረጠ ናሙና በማሽን ተስቦ ሲበጠስ በተበጠሰበት ቦታ ስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ቀነሰ ማየት ነው። ይህንን ቁጥር «ቅ» ብንለው በመማሪያ መጻሕፍት የታወቀው ቀመር እንዲህ ይላል፤

ዝቅተኛው ሬ ÷ ው = (50 ÷ ቅ) − 1

ቅ 50 የሆነ ላሜራ መልሱ ዜሮ ስለሚሆን እንደ ወረቀት በራሱ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ቅ 20 የሆነው ከውፍረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሬዲየስ ይፈልጋል። ቅ 10 የሆነው 4 እጥፍ ይፈልጋል። ናሙና የሚስብ ማሽን በየመንደሩ ስለማይገኝ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበትን የተለመደ ዝቅተኛ ልክ ከዚህ በታች እናስቀምጣለን።

ጥቂት ካርቦን ያለው ተራ ብረት፤ ለስላሳው የውፍረቱ ግማሽ፥ ደረቁ 4 እጥፍ።
አሉሚኒየምና ድብልቆቹ፤ ለስላሳው ዜሮ፥ ደረቁ 6 እጥፍ።
የማይዝግ ብረት፤ ለስላሳው የውፍረቱ ግማሽ፥ ደረቁ 6 እጥፍ።
ማግኒዥየም ድብልቅ፤ ለስላሳው 5 እጥፍ፥ ደረቁ 13 እጥፍ።

አንባቢ ሆይ፥ በአንድ ዓይነት ብረት ውስጥ በለስላሳውና በደረቁ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በል። በዚህ ምክንያት «ብረት ነው» ማለት ለማጠፍ በቂ ዕውቀት አይደለም።

ይህ ነገር ለጎተራ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። በገበያችን የክዳን ቆርቆሮ በጌጅ ይሸጣል፤ የጌጁ ቁጥር በበዛ መጠን ቆርቆሮው ይቀጥናል። ባለ 28 ጌጁ ወደ 0.4 ሚሊሜትር ግድም ነው። ከክዳን ቆርቆሮ ብዙው በመዳመጫ ቀዝቅዞ ሳለ ተድጦ፥ በኋላ በእሳት ሳይለሰልስ የሚቀር ደረቅ ብረት ነው። ለክዳን ይህ ነውር የለበትም። በዓለም የተለመደው ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊሜትር ርዝመትና 18 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ የሞገዱ ጫፍ ሬዲየስ በስሌት ወደ 16 ሚሊሜትር ይመጣል። ይህም የ0.4 ሚሊሜትር ቆርቆሮ 40 እጥፍ ስለ ሆነ መለጠጡ 1.2 በመቶ ብቻ ነው። ደረቁም ብረት ይህን በቀላሉ ይችላል። ያንኑ ቆርቆሮ ወስደን ለጎተራ መጋጠሚያ በራሱ ላይ ልናጥፈው የተነሣን እንደ ሆነ ግን 4 እጥፍ ሬዲየስ ለሚፈልግ ብረት ግማሽ እጥፍ መስጠታችን ነው። ሰንጥቆ ቢወጣ የመዶሻው ጥፋት አይደለም። ለጣራ የተፈጠረ ቆርቆሮ ለጎተራ አልተፈጠረም።

የአቅጣጫም ነገር አለ። ላሜራ በመዳመጫ መካከል ሲያልፍ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች በሄደበት አቅጣጫ ይረዝማሉ፤ ስለዚህም እንደ ቀርከሃ ሥር ያበጃል። ቀርከሃ በቁመቱ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ በአግድሙ ግን አይበገርም። እንዲሁም የእጥፋቱ መሥመር ላሜራው ከተዳመጠበት አቅጣጫ ጋር ጎን ለጎን የሄደ እንደ ሆነ መሰንጠቅ ይቀልለዋል፤ አቋርጦት የሄደ እንደ ሆነ ይበረታል። ዕቃው በሁለቱም አቅጣጫ መታጠፍ ያለበት ከሆነ ደግሞ ወይ ልኩን በሰያፍ መቁረጥ፥ ወይ ሬዲየሱን ከፍ ማድረግ ይገባል።

«ብረትን እንደ ጋለ ነው መቀጥቀጥ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ እዚህ ይሠራልን? ለማረሻና ለመጥረቢያ ይሠራል። ዚንክ ለተለበጠ ቆርቆሮ ግን አይሠራም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይቀልጣል፤ ከዚያም በላይ ሲግል ጢሱ ሠራተኛውን ያሳምመዋል፤ ከዝገት የሚጠብቀውም ልብስ ተቃጥሎ ይጠፋል። ስለዚህ የተለበጠ ላሜራ የሚታጠፈው በብርዱ ነው፤ ልስላሴውም ሲገዛ አብሮት መምጣት አለበት።

3ኛ፤ ላይኛው ወሰን፤ ተመልሶ መከፈት

ከላይ የተባለውን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁልጊዜ ሰፊ ሬዲየስ መምረጥ ይሻላል» ሊል ይችላል። ይህም ስሕተት ነው። አርጩሜን ጥቂት ጎንበስ አድርገው ሲለቁት ተመልሶ ይቃናል። ላሜራም እንደዚሁ ነው። ብረት በመጀመሪያ የሚለጠጠው ሊመለስ ነው፤ ከመታዘዣ ጥንካሬው ሲያልፍ ብቻ የታጠፈበትን ቅርጽ ይቀበላል። ሬዲየሱ በሰፋ መጠን የሚመለሰው ክፍል ይበዛል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመታጠፊያውን ሬዲየስ በብረቱ መታዘዣ ጥንካሬ እናበዛለን፤ ያንን ለመለጠጥ ሞዱለሱና ለውፍረቱ ብዜት እናካፍላለን፤ የተገኘውን «ቁ» እንለዋለን። ከዚያ፤

የመታጠፊያው ሬዲየስ ÷ ከተለቀቀ በኋላ ያለው ሬዲየስ = 4 × ቁ × ቁ × ቁ − 3 × ቁ + 1

ለተራ ለስላሳ ብረት መታዘዣ ጥንካሬውን 250፥ ሞዱለሱን 200,000 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር እንውሰድ፤ ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር ይሁን። ሬዲየሱ 1 ሚሊሜትር ሲሆን ቁ 0.0025 ይሆናል፤ ንጽጽሩም 0.9925 ነው። 90 ዲግሪ ያጠፍነው 89 ዲግሪ ከምናምን ላይ ይቀራል፤ ልዩነቱ በዐይን አይታይም። ሬዲየሱ 20 ሚሊሜትር ሲሆን ግን ንጽጽሩ ወደ 0.85 ይወርዳል፤ 90 ዲግሪ ያጠፍነው ወደ 76 ዲግሪ ተኩል ይመለሳል። ስለዚህ 90 ለማግኘት ወደ 106 ዲግሪ ድረስ አሳልፈን ማጠፍ ይኖርብናል። ሬዲየሱ 200 ሚሊሜትር ሲደርስ ንጽጽሩ ዜሮ ነው፤ ይህም ማለት ላሜራው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይዘረጋል፤ ምንም እንዳልታጠፈ ይሆናል።

4ኛ፤ ሁለቱን ወሰኖች በጎተራ ላይ ማየት

አንድ ሠራተኛ በወገዳ ለአንድ ቤተ ሰብ ጎተራ ሊሠራ ተነሣ እንበል። የያዘው ዚንክ የተለበጠ ለስላሳ ላሜራ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር፥ ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር። ላሜራውን በርዝመቱ ጠቅልሎ ክብ ያደርገዋል። ለመጋጠሚያው 24 ሚሊሜትር ቢሄድ ዙሪያው 1976 ሚሊሜትር፥ ዲያሜትሩ 629 ሚሊሜትር ይሆናል። የሚይዘው ወደ 0.3 ሜትር ኩብ ስለ ሆነ ከ2 ኩንታል በላይ ስንዴ ይገባበታል። ሁለት ላሜራ አጋጥሞ ቢጠቀልል ዲያሜትሩ እጥፍ ስለሚሆን ወደ 9 ኩንታል ይይዛል፤ የአካሉ ላሜራ ሁለት እጥፍ ሲሆን እህሉ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ በአንድ ዕቃ ላይ ሠራተኛው አራት ልዩ ልዩ እጥፋቶችን ያገኛል።

ሀ) የአካሉ ጥቅልል። ሬዲየሱ 315 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ መለጠጡ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከ200 ሚሊሜትር ስለሚበልጥ ሲለቁት ይዘረጋል። ስለዚህ ክቡን ይዞ የሚያቆየው መጋጠሚያው ብቻ ነው፤ መጋጠሚያውም ሁልጊዜ ተስቦ ይኖራል። ሠራተኛው መጀመሪያ ላሜራውን በጠባብ ክብ ነገር ላይ፥ ለምሳሌ በቧንቧ ላይ፥ እያንከባለለ ካጎበጠው ግን ላሜራው ክብነቱን ይለምዳል፤ መጋጠሚያውም ያርፋል።

ለ) የጎን መጋጠሚያ። ሁለቱ ጠርዞች እንደ ሁለት መንጠቆ ተጠላልፈው ይጠበቃሉ። አንዱ መንጠቆ የሌላውን ውፍረት በውስጡ ስለሚይዝ ሬዲየሱ የውፍረቱ ግማሽ፥ ማለት 0.25 ሚሊሜትር ነው፤ መለጠጡም 50 በመቶ ነው። ይህ የለስላሳ ብረት የመጨረሻ ወሰን ነው። ላሜራው ለስላሳ መሆኑ ያልተረጋገጠ እንደ ሆነ መንጠቆውን ትቶ ጠርዞቹን ደራርቦ በሪቬት መያዝና መበየድ ይሻላል፤ እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ጠባብ እጥፋት አይፈልግም።

ሐ) የታችኛው ጠርዝ። አካሉ ከወለሉ ጋር እንዲገናኝ ጠርዙ 8 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ሁለት መለጠጦች ይደራረባሉ። አንደኛው የእጥፋቱ ነው፤ ሬዲየሱ 1 ሚሊሜትር ቢሆን 20 በመቶ። ሁለተኛው ጠርዙ ወደ ሰፊ ክብ ስለሚወጣ የሚለጠጠው ነው፤ ይህም 8 ለ315 ሲካፈል 2.5 በመቶ ያህል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ስለ ሆነ አያሰጋም።

መ) የእህል ማውጫው አፍ። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር፥ ማለት ሬዲየሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ አፍ ላይ ያንኑ 8 ሚሊሜትር ጠርዝ የገለበጥን እንደ ሆነ ሁለተኛው መለጠጥ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። ስንጥቅ ይዞ ለመውጣት የሚቀርበው ትንሹ አፍ ነው ማለት ነው፤ በተለይ ጫፉ በመቀስ ሸካራ ሆኖ የተቆረጠ ከሆነ። መድኃኒቱ የጠርዙን ስፋት ወደ 4 ሚሊሜትር መቀነስ ነው፤ ያን ጊዜ መለጠጡ 8 በመቶ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው ለአንድ ዕቃ አንድ ሬዲየስ የሚባል ነገር እንደሌለ ነው። ሠራተኛው በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ላሜራው ምን ያህል ይችላል? ታጥፎ በቅርጹ ይቆያልን? እጥፋቱ ለዕቃው ሥራ ይስማማልን? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለምሳሌ የጎተራው ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ውስጣዊ ስርጓዳ ጠባብ ከሆነ አሮጌ ዱቄት ይሸሸግበታል፤ በዱቄቱም ውስጥ የነቀዝ ዘር ይተርፋል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚደረገው ብየዳ ስርጓዳውን ሞልቶ ማለስለስ አለበት።

ስለ ዚንኩም አንድ ቃል እንጨምር። ዚንኩ ከብረቱ ይልቅ ደረቅ ንጣፍ ስላለው ብረቱ ደኅና ሆኖ ሳለ እርሱ ብቻ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ወዲያው ጥፋት አያመጣም፤ ዚንክ ራሱን እየሠዋ በአጠገቡ ያለውን ጥቂት የተገለጠ ብረት ከዝገት ይጠብቃልና። ልጣጩ ተቀርፎ ከወደቀ ግን ሬዲየሱ ጠባብ እንደ ነበረ ምልክት ነው።

5ኛ፤ የላሜራው ርዝመት

ሬዲየስ የሚወስነው ስንጥቅን ብቻ አይደለም፤ ስንት ላሜራ እንደምንቆርጥም ይወስናል። የታጠፈው ክፍል ርዝመት፥ ለ90 ዲግሪ፥ 1.571 × (ሬ + ከ × ው) ነው። «ከ» የገለልተኛው ንጣፍ ስፍራ ነው፤ ሬዲየሱ ከውፍረቱ 2 እጥፍ በታች ሲሆን 0.33፥ ከዚያ በላይ ሲሆን 0.5 ይወሰዳል።

ከ0.5 ሚሊሜትር ላሜራ ወለሉ 120፥ ሁለቱ ግድግዳዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ሚሊሜትር የሆነ አሸንዳ በ5 ሚሊሜትር ሬዲየስ እንሥራ። የውጭው ልክ ድምር 320 ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ እጥፋት ርዝመት 8.25 ሚሊሜትር ሲሆን በውጭ ልክ የተቆጠረለት 11 ነበር። በአንድ እጥፋት 2.75፥ በሁለት እጥፋት 5.5 ሚሊሜትር ትርፍ አለ። የሚቆረጠው 314.5 ነው። ይህን ያልቆጠረ ሰው ክዳኑ ከአካሉ ጋር ያልገጠመለት ለምን እንደ ሆነ ሳይገባው ይቀራል።

6ኛ፤ በመንደር መሥሪያ የሚደረግ ጥንቃቄ

ማጠፊያ ማሽን በሌለበት ስፍራ ሬዲየስ የሚወሰነው ላሜራው በሚታጠፍበት ብረት ጠርዝ ነው። የሚከተለውን ማስታወስ ይጠቅማል።

1. የአንጎላሬን ጠርዝ በሞርድ አክብቦ የሚፈለገውን ሬዲየስ ማውጣት ይቻላል። ሰፋ ያለ ሬዲየስ ሲያስፈልግ በጠርዙ ላይ አንድ ቁራጭ ላሜራ መደረብ ይበቃል፤ የቁራጩ ውፍረት በሬዲየሱ ላይ ይጨመራል።

2. አስቀድሞ ከዚያው ላሜራ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች፥ አንዱን በቁመት አንዱን በአግድም፥ ቆርጦ በተመረጠው ሬዲየስ ማጠፍና የውጩን ፊት በብርሃን ማየት። የትኛው አቅጣጫ እንደሚበረታ ላሜራው ራሱ ይናገራል።

3. በመቀስ የተቆረጠውን ሸካራ ጠርዝ በሞርድ ማለስለስ፤ ካልተቻለም ሸካራው ፊት ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ ማጠፍ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሸካራው ነው።

4. የእጥፋቱን መሥመር በሹል ብረት አለመጫር። ጭረቱ ዚንኩን ከመግፈፉ በላይ ለስንጥቅ መንገድ ይከፍታል። ጠመኔ ይበቃል።

5. ላሜራውን በሁለት አንጎላሬ መካከል በሞርሳ አጥብቆ ይዞ፥ በእንጨት መዶሻ ከዳር እስከ ዳር ቀስ በቀስ ማውረድ፤ አንዱን ጫፍ ጨርሶ ወደ ሌላው አለመሄድ።

6. የተሳሳተውን እጥፋት አቃንቶ እንደገና በዚያው መሥመር አለማጠፍ። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፉ የሚበጥሱት ሰዎች ሁሉ ምክንያቱን ያውቃሉ፤ ብረት በታጠፈ ቍጥር ይደርቃል።

በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሠራተኞች አሮጌ በርሜል ዘርግተው ምድጃና ሌላም ዕቃ ያወጡበታል። የበርሜል ላሜራ አንድ ሚሊሜትር ግድም ስለ ሆነና አንድ ጊዜ ተጠቅልሎ ስለ ነበረ ከአዲሱ ቀጭን ላሜራ ይልቅ ሰፊ ሬዲየስ ይፈልጋል። መርዝ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን ለእህል ዕቃ ከቶ አይሆንም፤ ይህን ስሌት አያድነውም።

ጎተራው ከተሠራ በኋላ እህሉ በሚገባ ደርቆ፥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ያነሰ ሆኖ ይገባል። በእህሉ ላይ ሻማ አብርቶ ክዳኑን ማሸግ የተለመደ ነው፤ ሻማው በውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ነቀዙም የቀረውን በገዛ ትንፋሹ ጨርሶ ይሞታል። ጎተራው በጥላ ሥር፥ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቁም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እጥፋቶቹ ደኅና ከሆኑ ብቻ ነው።

7ኛ፤ የሙያው ክብር

በደቡብ ጎንደር ስለ ብረት ሲነሣ ጋፋት መታወሱ አይቀርም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያስፈስሱ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ተሠራ፤ በጋይንት በኩልም እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ግን ሙያው በአገሩ ሥር ሳይሰድ ቀረ። ከምክንያቶቹ አንዱ ዛሬም የሚታየው ነው፤ ብረት የሚሠራ ሰው በአገራችን «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲሰደብ፥ «ቡዳ ነው» እየተባለም ሲታማ መኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህን የምናነሣው ከትምህርታችን ጋር ስለሚገናኝ ነው። ከላይ ያየነው ስሌት ከባድ ሒሳብ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያደርሰዋል። የመንደሩ ሠራተኛ ደግሞ ላሜራውን በእጁ ዳስሶ ለስላሳውን ከደረቁ ይለያል፤ ይህን እኛ በመጽሐፍ አላገኘነውም። አንዱ ቁጥሩን ይዟል፤ ሌላው እጁን ይዟል። ሁለቱ ሳይገናኙ የቀሩት በመካከላቸው ንቀት ስለ ቆመ ነው። እኛ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ወደ ወገዳ፥ ወደ ነፋስ መውጫ፥ ወደ መካነ ኢየሱስ ስንመለስ ከቆርቆሮ ሠራተኛው አጠገብ ቁጭ ብለን የላሜራውን ውፍረት ብንለካለት፥ እርሱም አያያዙን ቢያሳየን፥ የምንማረው ከምናስተምረው አያንስም። ጥቅሙም የሚታየው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ አይሆንም፤ በሐምሌና በነሐሴ፥ ጎተራው ሲከፈት፥ እህሉ እንደ ገባ ሆኖ ሲወጣ ይታያል።

መለማመጃ

1. ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ የበርሜል ላሜራ በ3 ሚሊሜትር ሬዲየስ ቢታጠፍ የውጭው መለጠጥ በመቶ ስንት ነው?

2. 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የአሉሚኒየም ድብልቅ ከስንት ሚሊሜትር ሬዲየስ በታች መታጠፍ የለበትም?

3. የውጭው መለጠጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከተፈለገ ሬዲየሱ የውፍረቱ ስንት እጥፍ ይሁን? ለ0.4 ሚሊሜትር ቆርቆሮስ ስንት ይሆናል?

4. ሬዲየሱ 50 ሚሊሜትር በሆነ አፍ ላይ የሚገለበጠው ጠርዝ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይለጠጥ ስፋቱ ከስንት አይለፍ?

መልስ፤ 1) 14 በመቶ ያህል። 2) ከ12 ሚሊሜትር። 3) 4.5 እጥፍ፤ 1.8 ሚሊሜትር። 4) ከ2.5 ሚሊሜትር።